በአገጭ የተመረጠው ጊታር

ይህ ነገር ሐሙስ ጠዋት ተጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት አለቀ። ሦስት ቀን እንኳ በቅጡ አይሞላም። እኔ ግን ዕድሜዬን ስቆጥር «ከዚያ በፊት» እና «ከዚያ በኋላ» እያልኩ ነው የምቆጥረው፤ ለምን እንደሆነ ታሪኩን ስትሰሙ ትፈርዳላችሁ።

ስሜ ሐያት ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሰይድ አብነት ሰፈር ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ በር፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን ይሠራል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ውሎዬ እዚያ ስለነበር መላጊያና ሞረድ ከእስክሪብቶ እኩል እጄን ያውቁታል። ይሁን እንጂ ሥራዬ ነው ብዬ አላውቅም። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ መልሴ «አባቴን አግዛለሁ» ነበር። ኮሌጅ ጨርሼ ሁለት ዓመት ሥራ ካጣሁ በኋላ አንድ የግል ክሊኒክ በእንግዳ ተቀባይነት ተቀበለኝ፤ ሰኞ ልጀምር ነው። አባቴ ሲሰማ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ መጥረጊያ ይዞ ተጠርጎ የማያውቀውን የሥራ ቤቱን ጥግ ሁሉ ሲጠርግ ዋለ። ምን እንደተሰማው ገብቶኛል።

ሐሙስ ጠዋት እሱ እንጨት ሊያይ መርካቶ ሄዶ ብቻዬን ነበርኩ። ኮንትራት ታክሲ በራችን ላይ ቆመና ጋሽ ተፈሪ ወረዱ።

ጋሽ ተፈሪን በልደታ ኮንዶሚኒየም የማያውቃቸው የለም። ወደ ሰባ የተጠጉ፣ ባርኔጣ የማይለያቸው ጊታር ተጫዋች ናቸው። በወጣትነታቸው በየሆቴሉ ሲጫወቱ ኖረው፣ አሁን በኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት፣ በኮሚናሉ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ልጆች ያስተምራሉ። ድሮ ተማሪ ሲሳሳት ጣሪያ የሚነቅል ቁጣ ነበራቸው ይባላል። ሾፌሩ ከኋላ ሦስት ረጃጅም ጥቁር ሣጥኖች አወረደላቸው።

«አባትሽ የለም?»

«መርካቶ ነው ጋሼ። ምን ልታዘዝ?»

«የጊታር መቆሚያ ፈልጌ ነበር። መሬት ላይ የሚቀመጥ። መጠኑን በእነዚህ ለኪው።»

ሣጥኖቹን ሲከፍቱ ነገሩን አጫወቱኝ። የድሮ ተማሪዎቻቸው ተሰባስበው ጊታር ሊገዙላቸው ነው። «ሽማግሌው ዕድሜ ልኩን በሰው ጊታር ተጫውቶ እንዳይሞት ነው» ብለው ሳቁ። ከተማሪዎቹ አንዱ ሳምሶን የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ አስመጪ ሆኗል። ካሉት ሁሉ ምርጥ ምርጦቹን ሦስት አውጥቶ «ቤት ይውሰዱ፣ ይሞክሩ፣ የወደዱትን ይምረጡ» ብሏቸዋል። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ኮሚናሉ ውስጥ ሁሉም ይሰበሰባሉ፤ እሳቸውም የመረጡትን ይዘው ይጫወታሉ።

የሥራ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩና አንድ በአንድ አጋደምናቸው። አንዱ ቀይ ነው፤ ቀለሙ መሐል ላይ ሳስቶ የእንጨቱን መስመር ያሳያል። ሁለተኛው የማር ቡናማ፣ ወፈር ያለና ከባድ። ሁለቱም ከአሜሪካ ናቸው፣ ፋብሪካቸው ይለያያል። ሦስተኛው የጃፓን ሥራ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ገና ከሻንጣ እንደወጣ ሙሉ ልብስ ጽድት ያለ። ዋጋቸውን ሲነግሩኝ እጄን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

ግን የእንጨት ሰው እንጨት ሲያይ ማንኳኳት አይተውም። ለክቼ ስጨርስ የቀዩን ክሮች በግራ እጄ አፍኜ ጀርባውን በጣቴ አንኳኳሁት። ቀጥሎ ቡናማውን፣ ቀጥሎ ሰማያዊውን።

«ቀዩ ረጅም ነው» አልኩ ለራሴ ያህል።

«ቁመቱ?»

«አይ፣ ድምፁ። ቶሎ አይሞትም። ቡናማው ወፍራም ነው፣ እንደ ዋንዛ። ሰማያዊው ደግሞ የትም ብነካው አንድ ዓይነት ነው የሚመልሰው።»

ጋሽ ተፈሪ አፍ አፌን ያዩኝ ነበር። «እስቲ ድገሚው» አሉ። ደገምኩት።

«ማዳመጥ የት ተማርሽ?»

ሳቄ መጣ። «ኧረ ጋሼ፣ እርጥብ እንጨት ደረቅ ነው ተብለን እንዳንታለል ብዬ ነው!»

እሳቸው አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉና፣ «ነገ ከሰዓት ቤት ትመጫለሽ? ባለቤቴ አለች። ሦስቱንም ስጫወት ታዳምጭልኛለሽ» አሉኝ። ዕድሜ ልኩን ጊታር የተጫወተ ሰው የአናጢ ልጅ እንድታዳምጥለት መጠየቁ ገረመኝ። እሺ አልኩ።

ማታ ለአባቴ ስነግረው፣ «ትልቅ ሰው ሲጠራሽ ትሄጃለሽ። ዕቃውን ግን እንዳትነኪ። የማናውቀው ዕቃ ነው» አለኝ።

ዓርብ አባቴ ከጁምዓ ሲመለስ ወጣሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ ብርሃኔ ናቸው። ቀጭን፣ ደርባባ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን የታክሲ ረዳት ነው። «ግቢ ልጄ! ተፈሪ! እንግዳህ መጣች!» ሲሉ ደረጃው ሁሉ አስተጋባ። ሻይና የምስር ሳንቡሳ ቀረበ።

ጋሽ ተፈሪ የፈተና ክፍል ይመስል ሁሉን አዘጋጅተዋል። አንድ ማጉያ፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ወንበር። ሦስቱንም ጊታሮች በየተራ ሰክተው ያንኑ ዜማ በባቲ ቅኝት ይጫወታሉ። ከዚያ ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ይመታሉ። ከዚያ ከመሐል አንዲት ድምፅ ይዘው እስክትጠፋ ይጠብቃሉ፤ እኔ በሰዓቴ እቆጥራለሁ።

ቡናማው ሲናገር ወለሉ ይሰማል። ድምፁ ወፍራምና ሞቅ ያለ ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ ሲንኳኳ የረዘመው ቀዩ ቢሆንም፣ በክር ቆይታ ሁለቱንም ጥሏቸዋል። አንገቱ ከአካሉ ጋር በኮላ የተጋባ ነው፤ መጋጠሚያውን በጥፍሬ ብፈልገው አጣሁት። ግን ሃያ ደቂቃ እንደያዙት ጋሽ ተፈሪ ትከሻቸውን ማሸት ጀመሩ። «ይሄን ተሸክሞ መድረክ የሚቆም ጉልበት ከሠላሳ ዓመት በፊት ነበረኝ» አሉ።

ሰማያዊውን በእጅ አያያዝ የሚደርስበት የለም። አንገቱ ቀጭን፣ ክሮቹ ዝቅ ያሉ፤ ጣት ሳይለፋ ይሄዳል። አንገቱ በብሎን በታሰረበት ክፍተት የሶፍት ወረቀት ጫፍ ላስገባ ሞከርኩ፤ አልገባም። እንደዚያ የጠበቀ ሥራ ዓይቼ አላውቅም፤ እንደ ሠራተኛ ቀናሁ። ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ጋሽ ተፈሪ ግን «ሁሉን እሺ ይላል። ትንሽ እንኳን አይከራከረኝም» አሉ።

ቀዩ ግልጽ ነው። እያንዳንዷ ክር ለብቻዋ ትሰማለች፤ ጠንከር አድርገው ሲመቱት ይጮሃል፣ ሲያባብሉት ይለሰልሳል። ነገር ግን በአንገቱ ጠርዝ ላይ እጃቸው በተንሸራተተ ቁጥር ፊታቸው ይጨማደዳል። በአያያዝ መጨረሻ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ማጉያው ላይ ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ቁልፍ እስከ ጥግ ተከፍቷል። «ጋሼ፣ ጆሮ ይበሳል እኮ» አልኩ። መልስ የለም። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። አሁንም አልሰሙም። ትንሽ ቆይቼ፣ «ጋሼ፣ የቀዩ ቀጭኗ ክር በጥቂቱ ወርዳለች» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ጊታሩ ጫፍ ላይ የሰኩትን የመቃኛ መሣሪያ መብራት አዩ። ልክ ነበርኩ። ፊታቸው ተለወጠ።

በዚህ መሐል መብራት ጠፋ።

ማጉያው ጸጥ ሲል ክፍሉ ሁሉ ጸጥ አለ። ጋሽ ተፈሪ ጊታሩን እንደታቀፉ ወደ መስኮቱ ዞሩ። በሹክሹክታ፣ «ሐያት፣ እኔ ቀጭኗን ክር አልሰማትም» አሉ። «ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ወፍራሞቹን እሰማለሁ፤ ከመሐል በላይ ያለው ግን ጣቴ ይነግረኛል እንጂ ጆሮዬ አይነግረኝም። ነገ የተሳሳተ ጊታር ይዤ ብቀርብ እነዚያ ልጆች በአንድ ደቂቃ ያውቁብኛል። ጆሮ ለሌለው አስተማሪ ልጁን የሚልክ ማን ነው? እኔ ደግሞ ከማስተማር ሌላ ምን አለኝ? ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ብርሃኔም አታውቅም።»

«ሁለት ዓመት ተኩል!» የሚል ድምፅ ከማዕድ ቤት መጣ።

«ምን አለች?» አሉኝ።

እትዬ ብርሃኔ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ ወጡ። «ካወቅኩ ሁለት ዓመት ተኩል ነው አልኩህ! ለምን የምጮህ መሰለህ? ድሮ እንዲህ ነበርኩ እንዴ?»

ጋሽ ተፈሪ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «እኔማ እያረጀሽ ስትሄጂ ቁጡ የሆንሽ መስሎኝ...»

እትዬ ብርሃኔ ሲስቁ እኔም ለቀቅኩት። በመጨረሻ ጋሽ ተፈሪም ሳቁ፤ ሳቃቸው ውስጥ ግን እንባ ነበረበት። እትዬ ብርሃኔ የባለቤታቸውን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ «በል አሁን ሥራህን ሥራ» ብለው ገቡ።

መብራቱ አልመጣም። እንግዲህ ያለ ማጉያ፣ እንጨቱን ብቻ ልንሰማ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ መብራት ዝም የሚል ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ ጠጋ ካሉት ያወራል። ጋሽ ተፈሪ የምሰማውን ለመስማት እየሞከሩ ጎንበስ፣ ጎንበስ ሲሉ አገጫቸው የቀዩ ጊታር ትከሻ ላይ አረፈ። ቀጭኗን ክር መቱ።

ቀጥ አሉ። መልሰው መቱ።

«ሰማኋት» አሉ።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ሰማኋት! በአጥንቴ በኩል መጣች!» አገጫቸውን አጥብቀው ከላይ እስከ ታች ሄዱ፣ ከታች እስከ ላይ ወጡ። ባርኔጣቸው ወደቀ፣ አላነሱትም። «ብርሃኔ! ነይ! ሰማኋት!»

ከዚያ ቡናማውን በአገጫቸው ሞከሩ። ወፍራሙን እንጂ ቀጭኑን አላሳለፈላቸውም። ሰማያዊው አሳለፈ፤ ግን «ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል» አሉ። ወደ ቀዩ ተመለሱ። ሦስት ዓመት ያላገኙትን ዘመድ እንደሚያነጋግሩ ሆነው ለረጅም ጊዜ ተጫወቱ። ሲያቆሙ «ይሄ ነው» አሉ። ወዲያው የግራ እጃቸውን ገልብጠው አዩ። ሌባ ጣታቸው ጎን ላይ ደም ነበር።

የጊታሩን አንገት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩ። በአንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ጫፋቸው ከእንጨቱ ጠርዝ ወጣ ወጣ ብሏል፤ ጣቴን ሳንሸራትት እንደ መጋዝ ጥርስ ቧጨረኝ። የገባኝ ያኔውኑ ነው።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የጊታሩ አይደለም። እንጨቱ ከእርጥብ አገር መጥቶ የእኛ ደረቅ አየር ሲነካው ሸሸ። እንጨት ሲደርቅ ይጠባል፤ ብረት አይጠብም። በር ላይ ሁልጊዜ የሚገጥመን ነው።»

«ይስተካከላል?»

«እንጨት ሥራ ቢሆን...»

«እንጨት ሥራ ነው» አሉ። «ሳምሶን ጋ ይሸጣሉ እንጂ አይሠሩም። እነሱን ልጠብቅ ብል ነገ አለፈ። አንዴ ሞረድ ከነካው ደግሞ መመለስ የለም። ተረድተሻል?»

ተረድቻለሁ። ቢሆንም ነገ ጠዋት አብነት ይዘውት እንዲመጡ ነገርኳቸው።

ቅዳሜ በጠዋት ጊታሩን አብነት ይዘው መጡ። አባቴ ሲያይ «አልኩሽ አይደል?» በሚል ዓይን አየኝ። ወስዶ አንገቱን በአንድ ዓይኑ አነጣጥሮ ተመለከተና በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳሰሰ። 

«ይሄማ የምናውቀው ነው» አለ በመጨረሻ። «የእኔ እጅ ግን ለዚህ ወፍራም ነው። አንቺ ነሽ የምትሠሪው።»

መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ላይ ምስማሮች መትተን ጫፋቸውን ቆርጠን ተለማመድኩ። አባቴ የጊታሩን እንጨት በፕላስተር ሸፈነ፣ ከዚያ አንገቱን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ደግፎ ያዘ። ሃያ ሁለት ብረት ነው፤ በግራና በቀኝ አርባ አራት ጫፍ። ጋሽ ተፈሪ ላለማየት ብለው ወደ መንገዱ ዞረው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «ቢስሚላህ» ብዬ ቀጭኑን ሞረድ አስቀመጥኩ።

አንድ ጫፍ፣ በሰያፍ፣ ሦስት ጊዜ። በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። በጣት መዳሰስ። ቀጣዩ። ሃያኛው ላይ ስደርስ መፍራቴን ረሳሁ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ውጭ ሞተር ሳይክል ጡሩምባ ነፋ፤ ደነገጥኩና ሞረዱ አመለጠኝ። ፕላስተሩን ቀዶ እንጨቱን ነካው።

የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጭረት ናት። ለእኔ ግን ሸለቆ ሆና ታየችኝ። ሞረዱን አስቀመጥኩ።

«አብሽሪ» አለ አባቴ በሹክሹክታ። የወሎ ሰው ነው፤ ሲጨንቀውም ሲያጽናናም ያቺኑ ነው የሚላት። «አሥራ ሦስት ቀርቷል። ጨርሺ።»

ጨረስኩ። ፕላስተሩን አንስተን በጨርቅ ወለወልነው። ጋሽ ተፈሪን ጠራሁና ምንም ሳልደብቅ ጭረቷን በጣቴ አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ።»

መነጽራቸውን አወጡ። አዩ። ቀረብ አድርገው እንደገና አዩ። «ይቺ ናት?»

«አዎ።»

«እንግዲህ አሁን ሳምሶን ለሌላ ሰው ሊሸጠው አይችልም ማለት ነው» አሉና እጃቸውን በአንገቱ ላይ ከላይ እስከ ታች አንሸራተቱ። ፊታቸው አልተጨማደደም። «ጥሩ። የእኔ ሆነ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚናሉ ሞልቶ ነበር። የድሮ ተማሪዎች፣ የአሁን ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ ወሬ የሳባቸው ጎረቤቶች። ከአባቴ ጋር በር አጠገብ ቆምን። ጋሽ ተፈሪ ተቀመጡ፣ ቀዩን ሰኩ፣ የማጉያውን ቁልፎች እኔ እንዳስተካከልኳቸው ተዉአቸው። ከዚያ አገጫቸውን ጊታሩ ላይ አስደግፈው ጀመሩ።

ሙዚቃ በቃል አይነገርም፤ አልሞክረውም። የምነግራችሁ አጠገቤ የቆመችው እናት የያዘችውን ስልክ መቅረጽ ረስታ ዝቅ ማድረጓን ነው።

ጭብጨባው ሲበርድ ሳምሶን፣ «ጋሼ፣ እንደዚያ ያጎነበሱት አሞዎት ነው?» ሲል ጠየቀ። እትዬ ብርሃኔን አየኋቸው። እሳቸው ባለቤታቸውን አዩ። ጋሽ ተፈሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጆች፣ ጆሮዬ ደክሟል። ቀጭኗን ክር ከማልሰማ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ይሄን ጊታር የመረጥኩት በአገጬ ነው። ጆሮ የሆነችልኝ ደግሞ ያቺ በር ላይ ያለችው ልጅ ናት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።  ከዚያ ከኋላ አንድ ጎረምሳ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ለዚያ ነው እንዴ ቀጭኗን ክር ስንስት ዝም የሚሉን? እኛ እኮ ዕድሜ ደግ ያደረግዎት መስሎን ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቁት ጋሽ ተፈሪ ናቸው። «ከሰኞ ጀምሮ ታያታለህ!» አሉት። አንዲት እናት «የእኔ ልጅ ከእርስዎ አትነቀልም» ብላ ተነሳች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ሦስት ዓመት የተሸከሙት ፍርሃት እንደዚያ በሳቅ መሐል ሄደ።

ሳምሶን ጊታሩን ተቀብሎ ሲያገላብጥ እጁ አንገቱ ላይ ቆመ። ጋሽ ተፈሪ ሊመልሱለት ያመጧቸውን ሌሎቹን ሁለቱንም አንስቶ ዳሰሰ። «ይሄንን ማነው የሠራው?» አለ። «ይሄ ሥራ አገር ውስጥ ሲሠራ አላየሁም።»

እኔ «አባቴን...» ብዬ ስጀምር አባቴ ቀደመኝ።

«ልጄ ናት» አለ። «ባለሙያ ናት።»

አባቴ በሕይወቱ እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። 

አንባቢዎቼ፣ ሰኞ ክሊኒኩ ቀረሁ ብዬ ብነግራችሁ ታሪኩ ያምር ነበር። ግን ሄድኩ። ሰባት ወር እንግዳ ተቀበልኩ። በየሳምንቱ መጨረሻ ግን ሳምሶን ብረታቸው የወጣ፣ አንገታቸው የጎበጠ፣ ክራቸው የሚነዝር ጊታሮች ይልክልኝ ጀመር፤ ሰባተኛው ወር ላይ ቅዳሜና እሑድ አልበቃ አሉኝና ክሊኒኩን ተውኩ። ዛሬ በአባቴ ሥራ ቤት ውስጥ መስኮት ያለው ጥግ የእኔ ነው። ጋሽ ተፈሪም የጆሮ መሣሪያ አስገጠሙ፤ አሁንም ያስተምራሉ፣ ቁጣቸውም ተመልሷል አሉ።

ብዙ ጊዜ የማስበው ይህን ነው። ያን ሳምንት ማንም አዲስ ነገር አላስተማረኝም። ማዳመጡንም፣ መሞረዱንም፣ እንጨት ሲደርቅ እንደሚሸሽም አሥር ዓመት አውቀው ነበር፤ ሰው እስኪጠይቀኝ ድረስ ግን እውቀት አልመሰለኝም። አንድ ሰው ጉድለቱን ሊያሳየኝ ባይደፍር ኖሮ እኔም ያለኝን ሳላየው እቀር ነበር። እናንተም እጃችሁ የሚያውቀውንና «ኧረ ይሄማ ምን ሙያ ነው» ያላችሁትን ነገር እስቲ አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩት።

መጫወቱንማ አትጠይቁኝ። ጋሽ ተፈሪ ሊያስተምሩኝ ሞክረው ነበር። በሦስተኛው ትምህርት ላይ ጣቶቼን ለረጅም ጊዜ አዩና፣ «ሐያትዬ፣ አንቺ ሥሪልን፤ መከራውን እኛ እንየው» አሉኝ።